የሳቢያን ጓዳ ገበያ፦ ምጣዱ ከቤት፣ ፈቃዱ ከየት?

ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ አዘቅዝቃ ሙቀቱ ረገብ ሲል በሳቢያን ውስጥ ለውስጥ መንገዶች አንድ የታወቀ እንቅስቃሴ ይጀመራል። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ ክዳን የተደረገበት የሳምቡሳ ባልዲ፣ በትሪ የተደረደረ ብስኩትና ኬክ ከየግቢው እየወጣ ባጃጅ ላይ ይጫናል። ከፊሉ በዚያው በሰፈሩ ሱቆች ይቀራል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ከዚራ ሻይ ቤቶችና ወደ ቀፊራ ይወርዳል። የረመዳን ወር ሲሆን የማፍጠሪያው ሰዓት ሳይደርስ ሳምቡሳው ማለቅ አለበትና ሩጫው ይብሳል። የሠርግና የልደት ትእዛዝ ሲጨመርበት የአንዳንዱ ቤት ጓዳ የሚያስተናግደው ዱቄት ከአንድ ትንሽ ዳቦ ቤት አያንስም።

ይህ ገበያ የተለጠፈ ማስታወቂያ የለውም። ደረሰኝም የለውም። ዋጋው በቃል ይነገራል፤ ክፍያው በእጅ ወይም በስልክ ይፈጸማል። ደንበኛው የሚያምነው የጋጋሪዋን ስም ነው፤ «የእገሌ እናት ዳቦ» ይባላል፣ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህ ገበያ በሕግ ዓይን ምን ይባላል? ከቤት ጋግሮ መሸጥ ፈቃድ ያስፈልገዋልን? የሚያስፈልገው ከሆነስ አንዲት የሳቢያን እናት ፈቃዱን የምታገኘው በየትኛው በር ገብታ ነው? ከእሷ የሚረከበው ባለ ሱቅ፣ ሆቴልና በመካከል ያለው ደላላስ ምን ዓይነት ኃላፊነት ውስጥ ይገባሉ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሕጎቹን ካገላበጠና ሒሳቡን ካሰላ በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ ባጭሩ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ጋግሮ የሚሸጠውን ሰው ይበልጥ የሚጎዳው ግብሩ አይደለም፤ ወረቀት ባለመያዙ የሚያመልጠው ገበያ ነው። ሕጉ በበኩሉ ለትልቁ ዳቦ ቤት የሚሆን በር ሲያበጅ ለጓዳ ጋጋሪዋ በልኳ የተሠራ በር አላበጀላትም።

ከባቡር ጋር የመጣ ሙያ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዮች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዓረቦችና ህንዶች መጥተው ሲሰፍሩ የየራሳቸውን ምድጃና ጣዕም ይዘው ነበር። ዛሬ በየሱቁ የምንጠራቸው ስሞች ታሪኩን ይመሰክራሉ። «ፉርኖ» የጣልያኖች የምድጃ ስም ነው፤ ቦምቦሊኖም ከዚያው መጣ። ሙሸበክ ከዓረቦች የተወረሰ ሲሆን እንደ መረብ የተጠላለፈ ማለት ነው። ሳምቡሳ ደግሞ ከፋርስ ተነሥቶ በዓረቦችና በህንዶች እጅ እስከኛ ዘልቋል። በእነዚህ ላይ የደገኛው ድፎና አምባሻ፣ የሶማሌው ላሆህ፣ የሁሉም የሆነው እንጀራ ሲታከሉበት የድሬዳዋ ገበታ ይሞላል።

ፋብሪካውም ቢሆን በከተማዋ እንግዳ አይደለም። የድሬዳዋ ምግብ ኮምፕሌክስ ከዱቄት ጀምሮ እስከ ፓስታና ብስኩት ሲያመርት የኖረ ድርጅት ነው። ይሁንና የፋብሪካ መኖር የጓዳውን ጋጋሪ ከገበያ አላስወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፋብሪካ የሚያተርፈው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ሲያመርት ነው። የሰፈር ደንበኛ የሚፈልገው ግን ትኩስ፣ በትእዛዝ የተሠራ፣ የሚያውቀው እጅ የነካው ነው። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ 2012 የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ የማምረት አቅም እንዳለው ሲነገር «የሰፈር ዳቦ ሻጭ አለቀላት» ያሉ ነበሩ። ዛሬም በአዲስ አበባ መንደሮች ድፎና አምባሻ በትሪ ሲሸጥ ይታያል።

ሕጉ ማንን ነጋዴ ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሚለው የተዘረዘሩትን ሥራዎች ሙያዬ ብሎና ጥቅም ለማግኘት የሚሠራውን ሰው ነበር። እዚያው ላይ በአንቀጽ 9 አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፦ በአብዛኛው በገዛ ጉልበቱ የሚተዳደር፣ ለሥራው ወዲያው ከሚያስፈልገው በላይ ዕቃ ገዝቶ የማያከማች፣ ከቤተሰቡና ከሦስት ከማይበልጡ ሠራተኞች ጋር የሚሠራ የእጅ ሙያተኛ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም ነበር። የዛሬዋ የጓዳ ጋጋሪ ያኔ ብትኖር ኖሮ በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ልትገባ ትችል ነበር።

ይሁን እንጂ ማንም በዚያ አንቀጽ ተማምኖ እንዳይቀመጥ። ይህ የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የንግድ ቢሮ ሠራተኛ ወይም ተቆጣጣሪ ደጃፍ ላይ ሲቆም የሚጠይቀው ሌላ ወረቀት ነው። ይኸውም በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ይህ አዋጅ ከእሱ በፊት የነበሩትን፣ በ1989 የወጣውን አዋጅ 67ንና በ2002 የወጣውን አዋጅ 686ን ተከትሎ የመጣ ሲሆን በ2011 በአዋጅ 1150 ተሻሽሏል።

የአዋጁ መርሕ አጭር ነው፦ ያለ ጸና የንግድ ፈቃድ መነገድ ወንጀል ነው። በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል፤ እንደ ሁኔታው ዕቃውና የሥራ መሣሪያው እስከ መወረስ ይደርሳል። አዋጁ ከቤት የሚሠራውን አነስተኛ የምግብ ንግድ ለይቶ የሚያስተናግድበት ምዕራፍ የለውም። በቀን ሃምሳ አምባሻ የምትሸጠውም፣ በቀን ሃምሳ ኩንታል የሚፈጨውም በአንድ አዋጅ ይዳኛሉ።

የመጠን ልዩነት የሚታየው በሌላ ሰነድ ውስጥ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ «ጥቃቅን» ያለው እስከ አምስት ሠራተኛና እስከ 100 ሺህ ብር ጠቅላላ ሀብት ያለውን ተቋም ነበር። «አነስተኛ» የተባለው ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር ነበር። ነገር ግን ይህ መለያ ድጋፍ ለመስጠት፣ ማለትም ለሥልጠና፣ ለብድርና ለመሥሪያ ሼድ እንጂ ከፈቃድ ነፃ ለማውጣት የታሰበ አይደለም። የ2003ቱ 100 ሺህ ብር ዛሬ ምን ያህል ምድጃና ሊጥ ማቡኪያ ማሽን እንደሚገዛ ደግሞ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ፈቃዱ የሚገኝባቸው አራት በሮች

አንዲት የሳቢያን ጋጋሪ በሕግ ልሥራ ብላ ብትነሣ የምታልፋቸው በሮች በጥቅሉ አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ «ቲን» የሚባለው ነው። ለዚህ መታወቂያና አሻራ በቂ በመሆኑ ከሁሉም የቀለለው በር ይህ ነው።

ሁለተኛው የንግድ ምዝገባ ነው። ማን እንደምትሠራ፣ ምን እንደምትሠራ፣ የት እንደምትሠራ በመዝገብ ይገባል። ነገሩ መወሳሰብ የሚጀምረው «የት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቤቱ የራሷ ከሆነ ካርታ አላት። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ቦታው ለተፈቀደለት አገልግሎት እንዲውልና የአገልግሎት ለውጥም በፈቃድ እንዲሆን ያዛል። ቤቱ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሶ ወደ ቀበሌ የዞረ ከሆነ ደግሞ እሷ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለችምና አከራዩን አካል ማስፈቀድ ይኖርባታል። ከግለሰብ የተከራየች ከሆነች የባለ ቤቱ ፊርማ ያሻል። ባለ ቤቱ ደግሞ የመኖሪያ ኪራይ ወደ ንግድ ኪራይ ተለውጦ ግብሩ እንዳይከብደው ይፈራል ወይም ይህንኑ ምክንያት አድርጎ ኪራይ ይጨምራል። በኮንዶሚኒየም የምትኖር ከሆነች የጋራ ሕንፃው ነዋሪዎች መተዳደሪያ ደንብም አለ። የጭሱ፣ የሽታውና የሌሊቱ ድምፅ ጉዳይ ከጎረቤት ጋር የሚያጋጨው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው በር የብቃት ማረጋገጫ ነው። ምግብ አምርቶ መሸጥ እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ሳሙና ንግድ አይታይም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ምግብ አምራቹ በተቆጣጣሪው አካል እንዲታይና ብቃቱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ የተበላሸና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ለገበያ ማቅረብንም ይከለክላል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚያየው የሚታወቅ ነው፦ የሥራው ክፍል ከመኝታና ከመኖሪያ የተለየ መሆኑን፣ ንጹሕ ውሃና የእጅ መታጠቢያ መኖሩን፣ መጸዳጃው ያለበትን ርቀት፣ የዱቄቱን አቀማመጥ፣ የአይጥና የዝንብ መከላከያውን፣ የፍሳሽና የቆሻሻ ማስወገጃውን፣ የሠራተኞቹንም የጤና ምርመራ ወረቀት። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ልጅ የምታሳድግ ሴት «የተለየ ክፍል» ስትባል የትኛውን ክፍል እንደምትለይ የሚነግራት የለም። ብዙዎቹ ተስፋ የሚቆርጡትም በዚህ ሦስተኛ በር ላይ ነው።

አራተኛው ፈቃዱ ራሱ ነው። ፈቃድ አንዴ ተወስዶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ደግሞ ከቅጣት ጋር ነው። ለማደስ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል። እናም አራተኛው በር በየዓመቱ ወደ ገቢዎች ቢሮ ይመልሳል።

ከእነዚህ ሌላ ሰዎች የሚረሱት አምስተኛ ጉዳይ አለ፤ እሱም ኤሌክትሪክ ነው። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በቀን አራት ሰዓት ሙሉ ኃይሉን እየሳበ ቢሠራ 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እጅግ ርካሽ በሆነው ታሪፍ የሚታሰበው የመኖሪያ ቤት ፍጆታ በወር የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነውና በአራተኛው ቀን ያልቃል። ቆጣሪው ወደ ንግድ ታሪፍ ከዞረ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። የምድጃውን ዋጋ ብቻ አስልቶ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ይህንንም ያስላ።

ሒሳቡ ሲሠላ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል የተቀመጠ ነው። አንዲት ጋጋሪ በቀን 4,000 ብር ትሸጣለች እንበል። ለዱቄት፣ ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለእንቁላል፣ ለኤሌክትሪክና ለባጃጅ 3,200 ብር ታወጣለች። የሚቀራት 800 ብር፣ ማለትም ከሽያጩ 20 በመቶ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት 312 ቀን ብትሠራ ጠቅላላ ሽያጭዋ 1,248,000 ብር፣ ትርፏ 249,600 ብር ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ራሷን «ከእጅ ወደ አፍ ነኝ» የምትል ሴት በወረቀት ላይ ባለ ሚሊዮን ሆና ቁጭ ትላለች። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነው «ሐ»፣ እስከ 1 ሚሊዮን የደረሰው «ለ»፣ ከዚያ የበለጠው «ሀ» ነበር። ስለዚህ የኛ ጋጋሪ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ከሚይዙት ነጋዴዎች ጋር ትመደብ ነበር ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃዎቹን ወደ ሁለት አውርዶ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አድርጎታል። በዚህ ሒሳብ ወደ ታችኛው ደረጃ ወርዳለች፤ ይህ እፎይታ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ግን እፎይታውን ይቀንሰዋል። የታችኛው ደረጃ ግብር የሚታሰበው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። የትርፍ ህዳጉ 20 በመቶ ለሆነ ሰው ከሽያጭ ላይ የሚወሰድ 1 በመቶ ከትርፉ 5 በመቶ ማለት ነው። በምሳሌያችን 1 በመቶው 12,480 ብር ነው። የዱቄት ዋጋ ጨምሮ ህዳጉ ወደ 10 በመቶ ቢወርድ ያው 1 በመቶ የትርፉን አንድ አሥረኛ ይወስዳል። ስለዚህ ግብር ከፋይ ልሁን የምትል ጋጋሪ ከሁሉ አስቀድማ ማወቅ ያለባት የራሷን ህዳግ ነው። የዕለት ወጪና ገቢን በደብተር መጻፍ ለመንግሥት ተብሎ የሚደረግ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለባለቤቱ ነው።

የሚያመልጠው ገበያ

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንዙር። ፈቃድ የሌላት ጋጋሪ ምን ታጣለች?

የመጀመሪያው ትልቁ ደንበኛ ነው። አንድ ሆቴል ለሠርግ የ30,000 ብር ኬክና ብስኩት አዘዘ እንበል። ሆቴሉ የሒሳብ መዝገብ ያለውና ቀድሞ ግብር የመቀነስ ግዴታ የተጣለበት ከሆነ፣ ሻጩ ቲን ካላቀረበ ከክፍያው ላይ 30 በመቶ ቀንሶ ለገቢዎች እንዲያስገባ የ2008ቱ አዋጅ ደንግጓል። 30 በመቶው 9,000 ብር ነው። የጋጋሪዋ ትርፍ ግን 20 በመቶ፣ ማለትም 6,000 ብር ነበር። ትእዛዙን ብትቀበል 3,000 ብር ከኪሷ ትከፍላለች! ቲን ብቻ ብትይዝ ኖሮ የሚቀነሰው በአዋጁ መጀመሪያ መጠን 2 በመቶ ነበር። እዚህ ላይ የተጠቀሰው መደበኛ መጠንና የሚጀምርበት የብር ጣሪያ በ2017ቱ ማሻሻያ ተነክቷልና አንባቢ ውል ከመፈራረሙ በፊት የወቅቱን ያረጋግጥ። ሆኖም ከሁሉ የቀለለውን የመጀመሪያ በር ብቻ ማለፍ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያድን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ሁለተኛው የዱቄት ዋጋ ነው። መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስገባ በድጎማ ለዱቄት ፋብሪካዎች ይሰጥ በነበረባቸው ዓመታት ዱቄቱ በኮታ የሚደርሰው ለተመዘገበ ዳቦ ቤት ነበር። የጓዳ ጋጋሪዋ ግን ከችርቻሮ ሱቅ በኪሎ ስትገዛ ኖራለች። ዛሬም ቢሆን ከፋብሪካ በር በኩንታል ለመረከብ የሚጠየቀው ፈቃድና ቲን ነው። አንድ ዓይነት ዳቦ ለመሸጥ ሁለት ዓይነት ዋጋ የሚከፈልበት ገበያ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ብድር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና ቦታ የሌለው ሰው እንደ ምድጃና ማሽን ያለ ንብረቱን አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን የትኛውም አበዳሪ «የሥራ ፈቃድሽስ?» ማለቱ አይቀርም። ወረቀት የሌላት ሴት የሚቀራት ዕቁብና አራጣ ነው።

ለባለ ሱቅና ለደላላ

ይህን ዓምድ የሚከታተሉ ነጋዴዎች «ይህ የጋጋሪዋ ችግር እንጂ የኔ ምኔ ነው?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ በወጪነት ለመያዝ አስቸጋሪ ነው። በቀን 1,000 ብር የሚረከብ ሻይ ቤት በዓመት ከ300 ሺህ ብር በላይ ወጪው ማስረጃ ያጣል፤ ያ ሁሉ ወጪ በገቢዎች ዓይን ትርፍ መስሎ ይታያል። ከዚህም ሌላ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል። ሸማች በምግብ ቢታመም ደግሞ በመጀመሪያ የሚመጣው ወደ ሸጠለት ሱቅ እንጂ ወደማያውቀው ጓዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ጀሶና ሳጋቱራ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ በተባለባቸው ጊዜያት ከሁሉ ቀድሞ የተደናገጠው ከየት እንደተረከበ በወረቀት ማስረዳት ያልቻለው ምግብ ቤት ነበር።

ደላላውም ቢሆን ነፃ አይደለም። ድለላ ራሱ በሕግ የታወቀ የንግድ ሥራ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ከአሥር ጓዳ ሰብስቦ ለሃያ ሱቅ የሚያከፋፍል ሰው ደግሞ ገዝቶ የሚሸጥ ከሆነ ከደላላነት አልፎ አከፋፋይ ሆኗል። ቀድሞ በቃል ይሠራ የነበረው ክፍያ ከግንቦት 2013 ወዲህ በቴሌብር፣ ከዚያም በሌሎች የባንክ መተግበሪያዎች ማለፍ ሲጀምር እያንዳንዱ ብር ዱካ ይተዋል። «ማን ያየኛል» የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ሙቀቱም ሕግ አለው

ተቆጣጣሪው የሚያነሣው የጤና ጥያቄ ጠላትነት ተደርጎ መታየት የለበትም። የድሬዳዋ ሙቀት በሰኔ ወር ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በዚህ ሙቀት ክሬም የተቀባ ኬክና ሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ ያለ ማቀዝቀዣ ጥቂት ሰዓት ሲቆዩ የጀርም መራቢያ ይሆናሉ። ደረቅ ብስኩት፣ ዳቦ ቆሎ፣ አምባሻና ድፎ ግን እርጥበታቸው አነስተኛ በመሆኑ ወይም በደንብ በመብሰላቸው በዚያው ሙቀት ይህን ያህል አያሰጉም። ዳቦ ቢሻግት ይታያል፤ ክሬም ግን ሳይታይ ይመርዛል።

እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ትክክል ነውን? ሌሎች አገሮች ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር።

በአሜሪካ ልዩ ልዩ ክፍላተ ግዛቶች ከቤት ለሚሸጥ ምግብ ለብቻው ሕግ አውጥተዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን በሁለት ከፈለቻቸው። በቀጥታ ለተጠቃሚው የሚሸጥ ሰው ተመዝግቦ ራሱ የንጽሕና ዝርዝሩን ሞልቶ ይሠራል። ለሱቅና ለምግብ ቤት የሚያስረክብ ደግሞ ቤቱ ታይቶ ፈቃድ ይወስዳል። የሚፈቀደው ያለ ማቀዝቀዣ የማይበላሸው ዓይነት ብቻ ነው፤ ክሬምና ሥጋ አይገቡበትም። የመጨረሻዋ ኒው ጀርሲ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በሩን ከፍታለች። በዚያ አገር እንጀራ ጋግረው ለሐበሻ ሱቅ የሚያስረክቡ ወገኖቻችንም በየሚኖሩበት ግዛት ይህን መሰል መለያ ሳያውቁ ቢሠሩ ይቀጣሉ፤ አውቀው የሠሩት ግን ከጓዳ ወደ ፋብሪካ ማደጊያ መሰላል አግኝተውበታል።

«አሜሪካ ሌላ፣ እኛ ሌላ» ለሚል የህንድ ምሳሌ ይቀርባል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደንብ ዓመታዊ ሽያጩ ከ12 መቶ ሺህ ሩፒ የማይበልጥ ትንሽ የምግብ ነጋዴ ሙሉ ፈቃድ ሳያስፈልገው በዓመት 100 ሩፒ ከፍሎ እንዲመዘገብ አድርጋለች። ትንሹ ሰው በትንሽ ዋጋ ወደ መዝገብ ሲገባ መንግሥት ማን ምን እንደሚሸጥ ያውቃል፤ ችግር ሲፈጠርም ከየት እንደመጣ ይደርስበታል። በእኛ አገር ግን ሰውየው ትልቁን በር ስለማያልፍ ተደብቆ ይሠራል። ተደብቆ የሚሠራውን ደግሞ ተቆጣጣሪም አያየውም፣ ገቢዎችም አያገኘውም፣ ሸማችም አይጠበቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሕግ እስኪሻሻል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የነጋዴ ጠባይ አይደለም። ዛሬ ባለው ሕግ ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ።

ጋጋሪዋ ቢያንስ በመጀመሪያው በር ትለፍ፤ ቲን ታውጣ። ዕለታዊ ሽያጭና ወጪዋን ትጻፍ። ሠፈሯ ውስጥ ካሉ ሁለት ሦስት ጋጋሪዎች ጋር በጥቃቅን ተቋምነት ተደራጅታ አንድ ክፍል በጋራ ብትከራይ ለብቻዋ የማትችለውን «የተለየ ክፍል» ጥያቄ ሦስት ሆነው ይመልሱታል። የሙቀቱን ነገር አስባ ከክሬሙ ይልቅ በደረቁ ዕቃ ብትጀምር ደግሞ ተቆጣጣሪውም ይቀለዋል፣ ኪሳራውም ይቀንሳል።

ባለ ሀብቱ በበኩሉ እዚህ ውስጥ የተደበቀ ሥራ አለለት። በሳቢያን አንድ መጋዘን የሚያህል ቤት ያለው ሰው ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ምድጃና የንግድ ቆጣሪ አስገብቶ በሰዓት የሚከራይ የጋራ መጋገሪያ ቢያደርገው፣ ጋጋሪዎቹ የሚያጡትን አንድ ነገር፣ ማለትም በተቆጣጣሪ ፊት የሚቆም ቦታን ሊሸጥላቸው ይችላል። ገበያው ዝግጁ ነው፤ ደንበኛውም በየጓዳው ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ወደዚህ ከመግባቱ በፊት ግን የብቃት ማረጋገጫው በማን ስም እንደሚሰጥና ጋጋሪዎቹ የየራሳቸውን ፈቃድ እንዴት እንደሚያወጡ ከከተማዋ የንግድና የጤና ቢሮዎች ጋር ይነጋገር። ዳቦ ቤት ያላቸውም ቢሆኑ ምድጃቸው ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ይህንኑ ሊሞክሩ ይችላሉ።

የአስተዳደሩ ድርሻ ከሁሉ ይከብዳል። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 416 የራሷ ቻርተር ያላት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነች ከተማ ናት። ነፃ የንግድ ቀጣና በ2014 ዓ.ም. የተከፈተባት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራባት ከተማ ለትልቁ ባለ ሀብት ጉዳይን ባንድ መስኮት ማስተናገድን ታውቅበታለች። ያንኑ መስኮት በትንሹ ጠቦ ለጓዳ ጋጋሪዋ ቢከፈት ምን ይጎዳል? ለደረቅ መጋገሪያ ዕቃ ቀለል ያለ የንጽሕና ዝርዝር፣ አነስተኛ የምዝገባ ክፍያ፣ ዓመት ሙሉ በሩ ክፍት የሆነ ሥልጠና ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ክሬምና ሥጋው እንደ እስካሁኑ በጥብቅ ይታይ።

አለዚያ ግን አንድ ቀን አንድ የተበላሸ ትሪ ብዙ ሰው ያሳምምና የማጣራት ዘመቻ ይታወጃል። ያኔ የሚወረሰው የአንዷ ምጣድ ብቻ አይሆንም፤ ንጹሕ ሆና ስትሠራ የኖረችውም፣ ከእሷ የሚረከበው ሱቅም አብረው ይቃጠላሉ። የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነውና፣ ቅጠሉ እጃችን ላይ እያለ ብንነሣ መልካም ነው።